ከጉድጓድ እስከ ቮልቴጅ፦ የ132 ኪሎቮልት ሰብስቴሽንና መስመር ግንባታ ማስታወሻ

ሥራው ይህ ነው። አንድ 132/33 ኪሎቮልት ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ)፣ አንድ 31.5 ኤምቪኤ ትራንስፎርመር፣ 38 ኪሎ ሜትር ባለ አንድ ሰርኪውት መስመር፣ 127 የብረት ታወር። ኮንዳክተሩ (ኃይል የሚሸከመው ሽቦ) ሊንክስ የሚባለው ነው፤ መሐሉ ብረት፣ ዙሪያው አሉሚኒየም። የእኔ ድርሻ የመስመሩንና የሰብስቴሽኑን ቡድን ማቀናጀት ነው። የምጽፈው ማታ ማታ ስለሆነ አንዳንዱ ሳምንት ረዝሟል፣ አንዳንዱ ደግሞ በጥቂት መስመር አልቋል።

ሳምንት 1–3፦ ፕሮግራም

ፕሮግራሙን ስናወጣ መጀመሪያ የጻፍነው ቁፋሮውን ሳይሆን ትራንስፎርመሩን ነው። ከትእዛዝ እስከ ሳይት ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። እኔ ሥራውን ከመረከቤ በፊት ታዞ ስለነበር ተርፈናል። ብሬከሩም፣ ፓናሉም፣ ሲቲውም (የከረንት መለኪያው ትራንስፎርመር) ቀን ይበላሉ፣ ግን ትራንስፎርመሩን የሚያህል የለም።

ሳይት ላይ ኤክስካቫተር ሲያጓራ ሁሉም ሰው ሥራ ተጀመረ ይላል። ፕሮግራሙን የሚይዘው ሥራ ግን ያን ጊዜ ወረቀት ላይ ነበር። ፋብሪካው የትራንስፎርመሩን ድሮዊንግ ካልላከ የመሠረቱ ዲዛይን አያልቅም። ዲዛይኑ ካላለቀ ፌሮ አይታሰርም። ፌሮው ካልታሰረ አርማታ አይሞላም። ትራንስፎርመሩ በሎቤድ መጥቶ በር ላይ ቢቆም እንኳ የሚያርፍበት አይኖረውም ማለት ነው።

ሁለቱ ቡድኖች የየራሳቸው ፕሮግራም ነበራቸው። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም እንከን የላቸውም። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን የመስመሩ ቡድን በ26ኛው ሳምንት ጋንትሪው (መስመሩ ሰብስቴሽን ሲገባ ሽቦው የሚታሰርበት የብረት መዋቅር) ላይ ሽቦ ሊያስር አቅዷል፣ የሰብስቴሽኑ ቡድን ደግሞ ጋንትሪውን የሚያቆመው በ29ኛው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የመስመር ቡድን፣ ዊንችና ክሬን ሥራ ፈትተው ሊቀመጡ ነበር። ገና ወረቀት ላይ እያለ ስለተያዘ ምንም አላስወጣንም።

ያን ቀን አንድ ሰንጠረዥ ከፈትኩ። ስሙን «ርክክብ» አልኩት። አራት ዓምድ ብቻ አለው፦ ማን ያስረክባል፣ ማን ይረከባል፣ ምን፣ መቼ። 61 መስመር ሆነ። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ሰንጠረዥ ያመለጡ ናቸው። ብዙ ጊዜ ባለሙያው ሥራውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ አንዱ ከሌላው ሲቀበል መሐል ላይ የሚወድቅ ነገር አለ።

ሳምንት 5፣ ከዚያም ሳምንት 8፦ የአፈሩ ንባብ

ለግራውንዲንግ (ከመሬት ጋር ማሰሪያ) ዲዛይን የአፈሩን ተቃውሞ ለካን። ዘዴው ፍራንክ ዌነር እ.ኤ.አ. በ1915 ያወጣው ነው። አራት ዘንግ በአንድ መስመር በእኩል ርቀት ይተከላል። በውጪዎቹ ሁለት ከረንት ይላካል፣ በውስጠኞቹ ሁለት ቮልቴጅ ይነበባል። የተገኘውን ኦም በዘንጎቹ ርቀትና በ2π ማባዛት ነው። ዘንጎቹ በተራራቁ ቁጥር ንባቡ ጠለቅ ያለውን አፈር ያሳያል።

በ2 ሜትር ርቀት 9.5 ኦም አገኘን፣ ማለትም 119 ኦም ሜትር። ደስ አለን። ቁጥሩን ለዲዛይነሩ ላክን፣ እሱም ሥራ ጀመረ።

ያላየነው ቀኑን ነው። ከመለካታችን ሁለት ቀን በፊት በደንብ ዘንቦ ነበር። ሰርቬየሩ ነው ትዝ ያለው፤ የያኔውን የጫማውን ጭቃ አስታውሶ። ሦስት ሳምንት ደረቅ ሆኖ ከከረመ በኋላ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ርቀት ደገምነው። 21 ኦም። 264 ኦም ሜትር ሆነ ማለት ነው፣ ከእጥፍ በላይ። በ10 ሜትር ርቀት ግን በሁለቱም ቀን 4.8 ኦም አካባቢ ነው፣ 300 ኦም ሜትር ገደማ። ዝናቡ የነካው ላዩን ብቻ ነበር።

ዲዛይኑ እንደገና ተሠራ። የመዳብ መረቡ በ7 ሜትር ክፍተት ታስቦ ነበር፣ ወደ 5 ሜትር ጠበበ። የመዳቡ ርዝመት በ40 በመቶ ገደማ ጨመረ። ተጨማሪ ወጪ ነው፣ ግን ገና ቦዩ ሳይቆፈር ስለደረስንበት ቦይ ደግመን አልቆፈርንም። ከዚህ ወዲያ የልኬት ቅጹ ላይ «መጨረሻ የዘነበው መቼ ነው?» የሚል ሳጥን ጨምረናል።

ስለ ጠጠሩም እዚሁ ልጻፍ። ሰብስቴሽን ግቢ ውስጥ የሚነጠፈው ጠጠር ለጭቃ ወይም ለመልክ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ፎልት (ለምሳሌ ሽቦ ከመሬት ጋር መገናኘት) ሲፈጠር መሬቱ ራሱ ቮልቴጅ ይይዛል። ሰውን የሚገድለው በሁለት እግሩ መካከል፣ ወይም ብረት በነካ እጁና በእግሩ መካከል የሚኖረው ልዩነት ነው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ንጹሕ ጠጠር ከእግር ሥር ሲኖር በሰውየው በኩል የሚያልፈው ከረንት በጣም ይቀንሳል። አፈር ከተቀላቀለበት ግን ይህን ሥራ አይሠራም። ሁለት ገልባጭ መኪና አፈር የበዛበት ጠጠር መለስኩ። ሾፌሮቹ አልተደሰቱም። እኔ ግን በዚህ ነገር አልደራደርም።

ሳምንት 9–12፦ የታወር መሠረት፣ 41ኛው

የታወር መሠረት ሥራ ድግግሞሽ ነው። ቁፋሮ፣ ማስተካከያ ኮንክሪት፣ ፌሮ፣ ከዚያ ስተብ። ስተብ ማለት የታወሩ እግር መጀመሪያ ሆኖ አርማታው ውስጥ የሚቀበረው ብረት ነው። አራቱ ስተቦች በቴምፕሌት ይያዛሉ። የጎን ለጎን ርቀቱ፣ ዲያጎናሉ፣ ሌቭሉና ዘመሙ ይለካል። ከዚያ ይሞላል።

40 ታወር በዚህ መልክ አለቀ። 41ኛው ላይ፣ በተሞላ በሁለተኛው ቀን፣ ሰርቬየሩ እንዲያው ለማረጋገጥ ሲለካ ሁለቱ ዲያጎናሎች በ22 ሚሊ ሜትር ተለያዩ። ስፔስፊኬሽኑ ከሚፈቅደው እጅግ ያለፈ ነው።

«ቡሎን ሲታሰር ይስተካከላል» ያለ ሰው ነበር። አይስተካከልም። ቀዳዳው በግድ ቢገጥም እንኳ ብረቱ ዕድሜውን በሙሉ ተወጥሮ ነው የሚኖረው፣ እኛ ሳናሰላው። አንዱን እግር እስከ ሥረኛው ፓድ ድረስ አፈረስነው። ኮምፕረሰር ተከራየን፣ ፌሮውን ግማሹን ቀየርን፣ የአንድ እግር ኮንክሪት ደግመን ሞላን። ዘጠኝ ቀን ሄደ። ቡድኑ ወደ 44 አልፎ ስለነበር ዕቃውን ይዞ መመለሱም ለብቻው አንድ ቀን በላ።

ምን ተፈጠረ? ካቦውን፣ ሰርቬየሩንና ሚክሰር ላይ የነበሩትን አንድ ላይ ቁጭ አድርጌ ጠየቅኩ። መልሱ ቀላል ነበር። ከመሞላቱ በፊት ልኬቱ ትክክል ነው፣ ፊርማም አለው። ሲሞላ የኮንክሪቱ መንሸራተቻ የቴምፕሌቱን ደጋፊ ገፋው። ሰርቬየሩ ፈርሞ ሄዷል። ኮንክሪት የሚሞሉት ሰዎች ደጋፊው ሲነቃነቅ አይተዋል፣ ግን ልኬት የእነሱ ሥራ አይደለም። እንግዲህ ርክክብ ያልኩት ይኸው ነው።

አሁን ሦስት ጊዜ እንለካለን፦ ከመሞላቱ በፊት፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ እና ተሞልቶ ሳይደርቅ። ሦስተኛው ዋጋ አለው፤ ኮንክሪቱ ገና ለስላሳ ስለሆነ ስተቡን መልሶ ማምጣት ይቻላል። 58ኛው ላይ 9 ሚሊ ሜትር አግኝተን በአሥር ደቂቃ አስተካከልነው።

ሳምንት 14፦ የትራንስፎርመሩ መሠረትና የድሮዊንግ ቁጥር

ይህ አበሳጭቶኛል። የትራንስፎርመሩ መሠረት ቆንጆ ሆኖ ወጣ። የዘይት ማጠራቀሚያ ጉድጓዱም አለቀ። ታንኩ ቢፈነዳ ዘይቱን ሙሉ ከነዝናቡ መያዝ አለበት፣ የእኛው ትራንስፎርመር ብቻ ከ15 ቶን በላይ ዘይት አለው። ከጎኑ የ33 ኪሎቮልት ኬብል ቦይ ተሠራ።

ከሰዓት በኋላ ድሮዊንጉን ይዤ መሠረቱ ላይ ቆምኩ። የኬብል ሳጥኑ በቀኝ ነው። ቦዩ በግራ ነው። ድሮዊንጉን ገለበጥኩት፣ እኔ የቆምኩበትን አቅጣጫ ቀየርኩ። ያው ነው።

የእኔ ቅጂ ሪቪዥን ሲ ነው። የሲቪሉ ቡድን የያዘው ሪቪዥን ኤ። በሁለቱ መካከል ፋብሪካው ሳጥኑን ከግራ ወደ ቀኝ አዙሮታል። ሪቪዥን ሲ በኢሜይል ለኤሌክትሪክ ክፍሉ መጥቷል፣ ሲቪሉ ክፍል በአድራሻው ዝርዝር ውስጥ የለም። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰነፈም።

ያስከፈለን፦ የ6 ሜትር የቦይ ግድግዳ ማፍረስ፣ በመሠረቱ ዙሪያ አዲስ ቦይ፣ 11 ቀን፣ እና ለሦስቱ ፌዝ ተጨማሪ ኬብል። ኬብሉ ከመቆረጡ በፊት ስለሆነ ከመጠባበቂያው ወጣ። ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ መሐል ላይ ጆይንት (መቀጠያ) ይገባበት ነበር፣ ያ ደግሞ ወደፊት የሚበላሽ ቦታ ማበጀት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳይት ላይ አንድ ቦርድ አለ። «ለግንባታ» የሚል ማኅተም ያለበት ድሮዊንግ ብቻ ይሰቀላል። አዲስ ሲመጣ አሮጌው ከሁሉም ሰው እጅ ተሰብስቦ እፊቴ ይቀደዳል። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይቆጠርም። ይህን ማስከበር ከሁሉም ከባዱ ነበር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ድሮዊንግን ከስልኩ ማየት ለምዷል።

ሳምንት 17–21፦ ታወር ማቆም

ስለዚህ ብዙ የምጽፈው የለም። በደንብ ሄደ። ሚስጥሩ ስቶር ውስጥ ነው፦ የእያንዳንዱ ታወር ብረት ለብቻው ተለይቶ፣ ተቆጥሮ ወደ ቦታው ይላካል። አንድ አጭር ብረት ስትጎድል 40 ኪሎ ሜትር መንገድ ትመልሳለች። ሦስት ጊዜ ደርሶብናል። ቡሎንና ዳዶ 5 በመቶ ጨምረን እንልካለን።

አንድ ሕግ አለን፦ መሠረቱ 14 ቀን ሳይሞላው ታወር አይቆምበትም፣ 28 ቀን ሳይሞላው ሽቦ አይጎተትበትም። ቡሎን ሁሉ በቶርክ ተጠብቆ ሳይፈረም ደግሞ ማንም ብሎክ (ሽቦው ሲጎተት የሚንሸራተትበትን መዘውር) አይሰቅልም። የመጨረሻ ማጥበቂያው የሚዘለልበት ምክንያት ሁሌም አንድ ነው፣ ቡድኑ ወደሚቀጥለው ታወር ይቸኩላል።

ሳምንት 23፦ ትራንስፎርመሩ መጣ

ሎቤዱ ንጋት ላይ ደረሰ። ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። መጀመሪያ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ታንኩ ውስጥ ያለው የደረቅ ጋዝ ግፊት ነው። ትራንስፎርመሩ ያለ ዘይት፣ በናይትሮጅን ተሞልቶ ነው የተጓዘው፤ ግፊቱ ዜሮ ከሆነ አየርና እርጥበት ገብቷል ማለት ነው። ግፊቱ ነበር። ሁለተኛው የንዝረት መዝጋቢው ነው። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ 2.1 ጂ መዝግቧል። የፋብሪካው ገደብ 3 ጂ ነው። ቢሆንም ሰዓቱን ጽፈን፣ ፎቶ አንስተን፣ ከማውረዳችን በፊት ከአጓጓዡ ጋር ተፈራረምን። ከወረደ በኋላ የሚነሳ ክርክር ማለቂያ የለውም።

ዘይቱ። በርሜሎቹ ታሽገው ነው የመጡት። ከመጀመሪያው ናሙና 48 ኪሎቮልት አገኘን። ፈተናው በ2.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት መካከል ዘይቱ ስንት ኪሎቮልት እንደሚችል ማየት ነው። ላልተጣራ አዲስ ዘይት 48 መጥፎ አይደለም፣ ትራንስፎርመር ውስጥ የሚገባው ግን ተጣርቶ ከ70 በላይ ሲሆን ነው። ማጣሪያው አንድ ሌሊት ሠራ። ጧት 51። ሁለተኛ ሌሊት፣ 53። ማሽኑን ጠረጠርን፣ ካርትሪጅ ቀየርን፣ ቫኩም ፓምፑን ፈታን። ደህና ነው።

በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ላይ የሚሠራው ልጅ ቱቦውን አነሳ። ቱቦው ሌላ ሥራ ላይ ከርሞ፣ ጫፉ ሳይከደን መሬት ላይ ተጥሎ የነበረ ነው። ሲያዘነብለው ወፈር ያለ ጠብታ ወጣ። ውሃ። እኛ ዘይቱን እናደርቃለን፣ ቱቦው መልሶ ያረጥበዋል። አዲስ ቱቦ ገጠምን፣ በሙቅ ዘይት አጠብነው፣ በማግስቱ 72 ወጣ። ሦስት ቀንና የሦስት ሌሊት የጄኔሬተር ነዳጅ የሄደው በአንድ ክዳን ነው። አሁን ቱቦ ሁሉ ክዳኑ በሰንሰለት ተያይዞበታል።

ሳምንት 27–29፦ ሽቦ መጎተትና ሳጉ

መጀመሪያ የድራም ፕላን። ድራሞቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ጆይንቱ የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ካልታሰበ መንገድ በሚያቋርጥ ስፓን (በሁለት ታወር መካከል ያለ ርቀት) ላይ ይመጣል። እዚያ ጆይንት አይፈቀድም። ሁለት ማታ ወረቀት ላይ ድራም ስንቀያይር አመሸን።

አጎታተቱ፦ ፓይለት ገመድ ይዘረጋል፣ በአንድ ጫፍ ፑለር (የሚስበው ማሽን)፣ በሌላው ቴንሽነር (ወጥሮ የሚይዘው)። ኮንዳክተሩ ሁልጊዜ ተወጥሮ አየር ላይ ነው የሚሄደው። መሬት ከነካ አሉሚኒየሙ ይቧጨራል፣ ቮልቴጅ ሲመጣ በየጭረቱ ድምፅና ብክነት ይፈጠራል።

አሁን ሳጉ፣ ማለትም ሽቦው በሁለት ታወር መካከል ወደ ታች የሚረግበው መጠን። ይህን በዝርዝር ልጻፈው፣ ምክንያቱም የተማርኩበት ነው።

ሊንክስ በሜትር 0.842 ኪሎ ይመዝናል፣ የመበጠሻ ጉልበቱ 79.8 ኪሎኒውተን ነው። እኛ 20 በመቶውን፣ ወደ 16 ኪሎኒውተን፣ ወስደናል። በ300 ሜትር ስፓን፣ በ24 ዲግሪ፣ ሳጉ 5.81 ሜትር ይሆናል። ሳግ በስፓኑ ስኩዌር ስለሚያድግ 320 ሜትር ላይ በዚያው ውጥረት 6.61 ይሆናል። 20 ሜትር ብቻ ጨምሮ 80 ሳንቲ ሜትር መውረድ ማለት ነው።

የሳግ ሰንጠረዡ በዲግሪ የተከፋፈለ ነው። ያን ቀን ቴርሞሜትሩ 24 አለ፣ እኛም በ5.81 አሰርን። ሥራው ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ ነበር። ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ካምፕ ገባ።

የመስመሩ ካቦ ብዙ ዓመት በሽቦ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ማታ መጥተው «ኢንጂነር፣ ሽቦው ጠብቋል» አሉኝ። «በምን አወቁ ጋሼ?» ብላቸው «ስመታው ቶሎ መለሰልኝ» አሉ። በማግስቱ ሳይነጋ አብረን ሄድን።

ዘዴው እንዲህ ነው። ቀጭን ገመድ ታወሩ አጠገብ ኮንዳክተሩ ላይ ይጣላል። አንድ ጊዜ በኃይል ይሳባል። ማዕበሉ እስከ ሌላኛው ታወር ሄዶ ይመለሳል፣ ገመዱን የያዘው እጅ ላይ ይሰማል። ሦስተኛው መልስ ላይ ሰዓቱ ይቆማል። ሰዓቱን ለ3 ማካፈል፣ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ በ0.3066 ማባዛት፤ የሚወጣው ሳጉ ነው በሜትር። የስፓኑን ርዝመት ወይም የሽቦውን ክብደት ማወቅ አያስፈልግም፣ በስሌቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ።

ደመና ነበር፣ ንፋስ የለም፣ 18 ዲግሪ። በዚህ ሙቀት ሰንጠረዡ 5.60 ሜትር ይላል፣ ማለትም ሦስተኛው መልስ በ12.8 ሰከንድ መምጣት አለበት። ካቦው ሳቡት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። 12.4። ደገሙት። 12.5። አምስት ጊዜ አደረግነው፣ አማካዩ 12.45 ወጣ። 5.28 ሜትር ነው። 32 ሳንቲ ሜትር ጠብቋል።

ምክንያቱን ፍለጋ ብዙ አልሄድንም። ቴርሞሜትሩ የተሰቀለው ፒክ አፑ ጥላ ውስጥ ነበር፣ የለካው አየሩን ነው። ኮንዳክተሩ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነበር። በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት ስንለካው 33 ዲግሪ አካባቢ ሆነ። በ33 ዲግሪ ሳጉ 6.13 መሆን ነበረበት። እኛ የሞቀውን ሽቦ በቀዝቃዛ ቁጥር አሰርነው፣ ሲበርድ ከሚገባው በላይ ተወጠረ።

መጥበቁ ከፍታ ስለሚጨምር ጥሩ የሚመስለው አለ። ብርድ ሲመጣ ውጥረቱ ይጨምራል፣ የማዕዘን ታወሮቹ ላይ ያልታሰበ ጭነት ይወድቃል፣ በንፋስ የሚመጣው ንዝረትም ይብሳል። ያ ንዝረት ክላምፑ አፍ ላይ የአሉሚኒየሙን ክሮች አንድ በአንድ ይበጥሳል።

ስምንት ስፓን ፈትተን እንደገና አስተካከልን። ሁለት ቀን። ገና ክላምፕ ውስጥ ስላልገባ እንጂ ከዚያ በኋላ ቢሆን ሳምንት ይፈጅ ነበር። አሁን ቴርሞሜትሩ የሚቀመጠው የብረት እምብርቱ በወጣለት ቁራጭ ኮንዳክተር ውስጥ ነው። ቁራጩ ኮንዳክተሩ ባለበት ከፍታ፣ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ ይቆያል፤ ከዚያ ይነበባል። ጧት ጧትም በማዕበሉ እናረጋግጣለን፣ በካቦው እጅ።

ንዝረቱን የሚያበርዱትን ዳምፐሮች ሳናዘገይ አሰርን። ከሽቦው ሥር እንደ ትንሽ ዱምቤል የሚንጠለጠሉት ናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ያሉ፣ ስቶክብሪጅ በተባለው ፈልሳፊያቸው ስም የሚጠሩ። ሳግ የተደረገ ሽቦ ያለ ዳምፐር ብዙ ቀን መተው ጉዳት ነው።

ስለ ጆይንት አንድ ነገር። ሃይድሮሊክ ፕሬሱ መጀመሪያ የብረቱን እጀታ፣ ቀጥሎ የአሉሚኒየሙን ይጫናል። አሉሚኒየሙ ከመግባቱ በፊት ኮንዳክተሩ ላይ በሁለቱም ወገን ምልክት ይደረጋል፣ እጀታው መሐል መዋሉ የሚታወቀው በዚያ ነው። አንዱ ጆይንት 15 ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ ተጫነ። ቆርጠን ጣልነው። አንድ ጆይንት፣ ግማሽ ቀን። ከተሰቀለ በኋላ ቢሆን ማንም አያየውም ነበር፣ ስለዚህ እዚያው መሬት ላይ ማየት ግድ ነው።

ሳምንት 31፦ «ሽቦው የሞተ ነው»

መስመራችን ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ኤሌክትሪክ ካለው ሌላ መስመር ጎን ለጎን ይሄዳል። አንድ ልጅ ታወር ላይ ክላምፕ ሲያስገባ እጁን ነዘረው። ቀበቶ ነበረው፣ አልወደቀም። ሲወርድ ፊቱ ነጭ ሆኖ ነበር። ጓደኞቹ «ሽቦው የሞተ ነው እኮ፣ ከምንም ጋር አልተገናኘም» ይሉ ነበር።

ከምንም ጋር ያልተገናኘ ሽቦ ነው አደገኛው። ጎኑ ያለው መስመር ቮልቴጅ ያሳድርበታል። የሚያጠፋው ከመሬት ጋር ማሰር ብቻ ነው። እኛ በክፍሉ ሁለት ጫፍ አስረን ነበር፣ ልጁ የሚሠራበት ቦታ ላይ ግን ሽቦው ለክላምፕ ተላቅቆ ነበር።

ሥራ አቆምኩ፣ አንድ ቀን ሙሉ። አዲሱ ሕግ፦ የሚሠራበት ነጥብ ግራና ቀኝ ግራውንድ ይታሰራል፣ የሚላቀቅ ነገር ካለ ከመላቀቁ በፊት ይታሰራል። 14 የግራውንድ ስብስብ አለን። እያንዳንዱን ቁጥር ቀባነው። መዝገብ ተከፈተ፦ ቁጥር፣ ታወር፣ ማን አሰረ፣ ማን ፈታ።

ሳምንት 33፦ ዲፈረንሻል ሪሌይ

የትራንስፎርመሩ ዲፈረንሻል ሪሌይ የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት ያነጻጽራል። እኩል ከሆነ ዝም፣ ካልሆነ ይቆርጣል። ሪሌይውን ለብቻ በመሣሪያ ፈትነው አልፏል። ሽቦው በድሮዊንጉ መሠረት ተፈትሾ አልፏል። ሲቲዎቹም ለየብቻ አልፈዋል። ሦስት የተፈረመ ወረቀት አለ።

እኔ ግን ሙሉውን አንድ ላይ ካላየሁ አልኩ። የ33 ኪሎቮልቱን ወገን ሾርት አደረግን፣ በ132ው ወገን 400 ቮልት ሦስት ፌዝ ሰጠን። ኢምፒዳንሱ (የትራንስፎርመሩ የውስጥ ተቃውሞ) 12 በመቶ ስለሆነ በላይኛው ወገን 3.5 አምፔር፣ በታችኛው 13.9 ገደማ ይሄዳል። ትንሽ ነው፣ ግን ሪሌይው ላይ ይነበባል። ልዩነቱ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። የተነበበው የሁለቱ ድምር ነው።

በታችኛው ወገን ሲቲዎቹ ተገልብጠው ነው የተገጠሙት። የሽቦ ቡድኑ ድሮዊንጉን ተከትሎ ትክክል አስሯል፣ የገጠማው ቡድን ፒ1 የተጻፈበትን ፊት ወደ ባስባሩ (መስመሮቹ የሚገናኙበት ዘንግ) ሳይሆን ወደ ትራንስፎርመሩ አዙሮታል። ሁለቱም የየራሳቸው ወረቀት ላይ ልክ ናቸው። ይህ ሳይታይ ቮልቴጅ ሰጥተን ቢሆን ኖሮ ሎድ ትንሽ እንደያዘ ይቆርጥ ነበር፣ እኛም ትራንስፎርመሩ ውስጥ ችግር አለ ብለን ዘይት እያወጣን ቀናት እንፈጅ ነበር።

መፍትሔው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሴኮንደሪውን ተርሚናሉ ላይ ማገላበጥና ድሮዊንጉን በቀይ ማረም። ደግመን ሰጠን። ልዩነቱ ወደ ዜሮ ወረደ። «ሙሉው ፈተና» የሚል መስመር ርክክቡ ላይ ጨምሬያለሁ፣ ተረካቢው እኔ ራሴ ነኝ።

ሳምንት 35፦ ቮልቴጅ

ለቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሮ ነበር። ጧት መስመሩ በእግር ታይቶ አለቀ። ግራውንዶቹ ወደ ስቶር እየገቡ ነው። ቆጠርኩ። 13።

ደግሜ ቆጠርኩ። 13። የጎደለው ቁጥር 6 ነው። መዝገቡ ላይ 86ኛው ታወር ላይ ታስሮ ተፈትቷል ይላል፣ ፊርማም አለው። ሁለት ሰው «ተፈትቷል፣ መኪና ውስጥ ይሆናል» አለኝ። መኪናው ተፈተሸ። የለም። ለሌላኛው ጫፍ ስልክ ደውዬ ቀጠሮውን ሰረዝኩ።

ሰው ወደ 86 ላክን። የለም። 87 ላይ ወጡ። በመሐለኛው ፌዝ ላይ ታስሮ ነበር፣ ገመዱ በታወሩ ጥላ በኩል ስለሆነ ከታች አይታይም። የማታው ቡድን ከ86 ፈትቶ ወደ 87 ወስዶት፣ መፈታቱን ጽፎ መታሰሩን አልጻፈም። ያን ቀን ብሬከሩ ተዘግቶ ቮልቴጅ ቢለቀቅ በቀጥታ ፎልት ላይ ነበር። ማንም ታወር ሥር ባይኖር እንኳ ብሬከሩን በፎልት እንፈትነው ነበር። አራት ሰዓት ዘገየን። ከዚያ ቀጠሮው ለማግስቱ ተዛወረ፣ ምክንያቱም በጨለማ መስጠት አልፈለግኩም።

በማግስቱ ጧት 14ቱም መንጠቋቸው ላይ ነበሩ። መስመሩ ቮልቴጅ ያዘ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ ትራንስፎርመሩ፣ ያለ ሎድ። ሲገባ አንድ ጊዜ ጠንከር ያለ ድምፅ ሰጠ፣ ኢንረሹ (ትራንስፎርመር ሲገባ ለአፍታ የሚስበው ከፍተኛ ከረንት) ነው። ሪሌይው ለይቶት አልቆረጠም። ድምፁ ቀስ ብሎ ወደ ዝቅተኛ እምምታ ወረደና እዚያው ቆየ። ካቦው ኮፍያቸውን አውልቀው አጥሩ ውጪ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ሊሄዱ ሲሉ ሦስት ጊዜ ተመልሰው መጡ።

24 ሰዓት ያለ ሎድ አቆይተነዋል። ነገ ከዘይቱ ናሙና ይወሰዳል፣ የሟሟ ጋዝ ካለ ለማየት። የቀረ ሥራ፦ በ12 ታወር ላይ የአደጋ ምልክት ሰሌዳ፣ የኬብል ቦዩ ሁለት ክዳን ተሰንጥቋል፣ የቀይ እርማቶቹ ወደ መጨረሻው ድሮዊንግ አልገቡም፣ 103ኛው ታወር ሥር ውሃ የሸረሸረው አፈር በድንጋይ መደገፍ አለበት። የመጨረሻውን ሰኞ እንጀምራለን።